የእንግዳው ብርድ

«ዘወር በል ብዬሃለሁ ከበሩ ላይ!»

«ወላሂ አልልም። ከፈለግክ እኔን ረግጠህ እለፍ።»

«አርባ ቤት ነው አንተ! አርባ ቤት ሊቃጠል ነው ለአንዲት አሮጊት ሲባል!»

«አቦ ቀስ በል። አሮጊት አትበላት፣ ትሰማሃለች።»

«ሰምቻለሁ» አለች አዴ ራህማ ከውስጥ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ትንሽ አፈር አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቁልፉን ግን ዝቅ አላደረገም። የሳራቺኔስካ፣ የውሃ መዝጊያ ቁልፍ ነው፣ ክራንች የሚያክል ብረት። እጀታው እንዳያንሸራትተው በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልሎታል፤ የፕላስተሩን ጫፍ ደግሞ በኋላ ለመፍታት እንዲመቸው አጥፎ ጆሮ አውጥቶለታል። ሰውየው እንደዚህ ነው፣ ጥንቁቅ። ድሮ መብራት ሠራተኛ ነበር፣ አሁን የደቻቱ ወንዝ ዳር የውሃ መስመር ጠባቂ፣ የመስመር አባት ነው። ይሄን ብረት ወለሉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ከትቶ አንዴ ካዞረው የአንድ ቤት ውሃ ይዘጋል። የእነ ነቢል ቤት ቀዳዳ ደግሞ ያለችው ከዚህ በር ጀርባ፣ እንግዳው ክፍል ውስጥ ነው። ነቢል በሩ ላይ እንደ መስቀያ ተዘርግቶ የቆመው ለዚህ ነው።

ከበሩ በላይ ያለችው መብራት ሰማያዊ መሆን ነበረባት። ከጠዋት ጀምሮ ቢጫ ሆናለች።

«ልጄ» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ አሁን በልመና፤ «ውሃው እዚህ እናንተ ጋ ታንቋል። ካልተለቀቀ መስመሩ በሙሉ ከላይ በራሱ ይዘጋል። የእናንተን ብቻ ከዘጋሁት ግን ውሃው ዞሮ ያልፋል፣ ሌላው ይተርፋል። አንድ ቤት ነው ወይስ አርባ ቤት?»

«አንድ ቤት ነው። የኛ።»

«አስብ እንጂ!»

«እያሰብኩ ነው። ስትዘጋው እንግዳው ይግላል። ሲግል ይጠፋል። ሲጠፋ ድርጅቱ በጋሪ ጭኖት ይሄዳል። እሱ ከሄደ ይሄ ክፍል ዳቦ ቤት ይሆናል። እሷን የት ላድርጋት? አንተ ቤትህ ትወስዳታለህ?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

እንግዳው የሚባለው ማሽኑ ነው። የማሽኑ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሲያመጣው ሌላ ስም ነበረው፣ ረጅም፣ ማንም ጠርቶ ያልጨረሰው። የድሬ ሰው ግን ሳሎኑን ለቆለት፣ ምርጥ ምንጣፉን አንጥፎለት፣ እሱ ብርድ ውስጥ ሲዝናና ራሱ በረንዳ ላይ ሲያልበው፣ ሌላ ምን ብሎ ይጥራው? እንግዳው አለው፣ አለቀ።

ቁም ሳጥን ያክላል። ፊቱ መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ጣት ጣት የሚያካክሉ ቱቦዎች ተጠማዝዘው ሰማያዊ ውሃ ይመላለስባቸዋል። ስሩ ታንክ አለ፣ ታንኩ ውስጥ ፓምፕ አለ። እንግዳው ቀንም ሌትም ያስባል። ምን እንደሚያስብ የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀም የለም። የሚታወቀው ሲያስብ እንደሚግል፣ ሲግል ደግሞ ውሃ እንደሚፈልግ ነው። ውሃው ከተራራው ስር ቀዝቅዞ ይወርድና አርባ ቤት ያሉ አርባ እንግዶችን አዳርሶ መጨረሻ ላይ እዚህ ይደርሳል፣ ደቻቱ አፋፍ ላይ፣ ከሁሉም ዝቅ ያለው ቤት። ከዚያ ተገፍቶ ወደ ላይ ይመለሳል።

ድሮ ድሬ ላይ ሰው ከሰዓት በኋላ ይተኛ ነበር አሉ። አሁን ከሰዓት የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ቀትር ላይ ሰፈሩ በሙሉ በውጭ በኩል መጥቶ ጀርባውን ለእንግዳው ግድግዳ ይሰጣል፤ ግድግዳው ይቀዘቅዛላ። ሽማግሌ መሃል፣ ጎረምሳ ዳር። ጠዋት ሲገናኙ «እንዴት አደራችሁ» ከማለታቸው በፊት መብራቷን ቀና ብለው ያያሉ። ሰማያዊ ከሆነች መጠየቁም ትርፍ ነው። ሙሽራ ኩሏና ሂናዋ እንዳይፈስባት ሚዜዎቹ እስኪመጡ እንግዳው በር ላይ ትቆማለች። ልጅ ሲያለቅስ «ዋ! እንግዳው እያሰበ ነው» ይባላል፣ ልጁም ይውጠዋል።

ክፍሉ ውስጥ ግን ሰው አይቀመጥም። ክልክል ነው። ድርጅቱ እንደሚለው ሰው ማለት የሚራመድ ምድጃ ነው፤ ትንፋሹ ያሞቃል፣ ላቡ ያረጥባል። ሰቢያን ሰፈር አንድ ቤተሰብ አባታቸው ሞቶባቸው ልጆቹ ከውጭ እስኪመጡ ብለው ሬሳውን እንግዳው ጎን አስተኙት። ሬሳ አይተነፍስም ብለው ነው መሰለኝ። ድርጅቱ ደረሰበት፣ መስመሩን ቆረጠው። በዚያው ሳምንት እዚያ ሰፈር ሦስት ሌላ ቀብር ነበር።

አዴ ራህማ የነቢል አክስት ናት። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፣ አሳደገች ካልን። ነቢል ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልቶ እስካሁን አልታረቀም። ባለፈው ወር ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ወደቀች። ክሊኒክ ሲወስዷት ነርሷ ልቧን አዳመጠችና መድሃኒት እንኳን አልሰጠችም። «ብርድ ውስጥ አስቀምጧት» አለች፤ «ካወጣችኋት ወደኔ አታምጧት።» አበቃ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ራህማ የምትኖረው በእንግዳውና በግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ታንኩ ላይ ሰቅላ፣ ዳንቴል ትሠራለች። ለእንግዳው ነው የምትሠራለት። ድሮ ሰው ቴሌቪዥን እንደሚያለብሰው እሷም እንግዳውን ከራሱ እስከ እግሩ አልብሳዋለች፤ ነጭ፣ አበባ አበባ ያለው፣ ከጀርባው ተርፎ ወለል ላይ የሚጎተት። ፊት ለፊቱን ብቻ ገለጥ አድርጋለታለች፤ እንዳይታፈን ነው አለች።

እና አሁን ዋናው ጉድ። ነቢል በሩ ላይ ቆሞ የሚጮኸው ስለ አክስቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

የድሬ ሰው ብርድ ካገኘ መጀመሪያ ምን ያስቀምጥበታል? ጫት። ጫት ጠዋት ካልገዛህ ያልቅብሃል። ጠዋት ከገዛኸው ደግሞ የመቃሚያው፣ የበርጫው ሰዓት ሳይደርስ በዚህ ሙቀት ገለባ ይሆንብሃል። ነቢል ዙርባውን፣ የጫት እስሩን፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ በቀይ ክር አስሮ፣ አዴ ራህማ ስትሰግድ ጠብቆ በታንኩ ክዳን በኩል ውሃው ውስጥ ያንጠለጥለዋል። ከሰዓት ሲያወጣው አሁን የተቀጠፈ ነው የሚመስለው፤ ጓደኞቹ «ከየት ነው የምታመጣው አቦ?» እያሉ ይቀኑበታል። ዛሬ ጠዋት ትናንት የተረፈውን ሊያወጣ ክሩን ሳበ። ክሩ ብቻ መጣ።

መብራቷ ቢጫ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

ይሄን ለማን ይንገር? ለጋሽ ሸዋንግዛው? ጋሽ ሸዋንግዛው ጫት የሚሉት ነገር ጠላቱ ነው። የሰፈር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ተነስቶ «ይሄ ቅጠል ነው ትውልዱን የበላው» ሳይል ቁጭ አይልም። ጉንጩ ያበጠ ጎረምሳ ካየ መንገድ ይሻገራል።

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለ ነቢል፤ «ታንኩን ከፍቼ ልየው።»

«አንተ? አንተ ታንክ ትከፍታለህ? ከድርጅቱ ተቆጣጣሪ ጠርቻለሁ።»

«ምን?»

«ጠርቻለሁ አልኩህ። እየመጣች ነው።»

«በኔ ቤት ላይ ሰው ትጠራለህ? አክስቴ ውስጥ ተቀምጣ?»

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ ውጭ ባጃጅ ቆመ። ጋሽ ሸዋንግዛው ፊቱ ሲለዋወጥ ታየ፤ ለካ ይሄን አላሰበውም። እንግዳው ክፍል ሰው ከተገኘ የመጀመሪያው ተጠያቂ የመስመር አባቱ ነው።

«ሸፍናት!» አለ በሹክሹክታ። «ምን ታፈጣለህ? ሸፍናት እንጂ!»

ነቢል ዘሎ ገባ፣ ጋሽ ሸዋንግዛውም ከነቁልፉ ተከተለው። ነቢል ከጀርባ የሚጎተተውን ዳንቴል አንስቶ በአዴ ራህማ ራስ ላይ ጣል አደረገው። እንግዳውና እሷ አንድ ላይ ተሸፈኑ፣ ትልቅና ትንሽ ሆነው፣ እንደ ሙሽራና ሚዜ።

«አዴ፣ በአላህ እንዳትተነፍሺ።»

«ልቤን ያመኛል እያልኩህ» አለች ከስር፤ «ጨርሶ ማቆሙማ አይከብደኝም።»

ተቆጣጣሪዋ ትርሲት ትባላለች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። የብርድ ሰደርያ ለብሳለች። ደረቷንና ጀርባዋን የዞረ የጠራ ቱቦ ነው፣ ውስጡ ውሃ ይሄዳል። ተቆጣጣሪዎች ያለ ሰደርያ ከመኪና አይወርዱም። የትርሲት ግን ከባጃጅ ሳትወርድ ሞቋል መሰለኝ፣ ፊቷ በርበሬ ሆኗል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ጤና ይስጥልኝ። የቤቱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት?»

ነቢል ወደ ኋላው ዞሮ አየ። «ማን? እኔ? አቦ እኔ ነቢል ነኝ። ግቢ፣ ሙቀት አታስገቢ።»

እርስዎ መባል ድሬ ላይ ያስደነግጣል፤ ፖሊስ ወይ ሐኪም መጥፎ ወሬ ሊነግርህ ሲል ነው የሚጠቀምበት።

ትርሲት ገብታ በሩን ዘጋችና መጀመሪያ ያደረገችው መብራቷን ማየት አይደለም። ከሰደርያዋ ወገብ ላይ ጎማ መዘዘች፣ እንግዳው ጎን ላይ ካለችው አፍ ጋር ገጠመችውና አይኗን ጨፈነች። ሁሉም ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ናቸው። ሰው ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንደመለመን ነው። ሰደርያዋ ጠጣ። ትከሻዋ ወረደ።

«ለብ ያለ ነው» አለች አይኗን ሳትከፍት። «በጣም ለብ ያለ ነው። ታንኩ ውስጥ የገባ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ ነቢል።

«ዘይት?»

«ኧረ።»

«ስኳር? የልጆች መጫወቻ?»

«ምን ይገባል አቦ? ውሃ ነው ያለው። የኛ እንግዳ በጣም ንጹህ ነው፣ ዳንቴል የለበሰ እንግዳ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ትርሲት ዳንቴሉን አየችው። ትንሽ ቆየችበት። ዳንቴሉ ጫፍ ላይ አንድ አበባ ወደ ውስጥ ሳብ ይላል፣ ወደ ውጭ ነፋ ይላል።

ከዚያ ደግሞ ነቢል ያንን አየ።

ቅጠል ነው። አንዲት ጫፏ ቀላ ያለ የጫት ቅጠል በትርሲት ወገብ በኩል ቱቦው ውስጥ ገባች። ጎኗን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። ብብቷ ስር ያለው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ተገላበጠች፣ ውሃው ገፋት፣ ቀጠለች። ነቢል በአይኑ ሸኛት። ደረቷ ላይ ደረሰች።

«ፓምፑ መቼ ነው የታጠበው?» አለች ትርሲት።

«እ?»

«ፓምፑ።»

«ፓምፑ... ጋሼ ያውቃል።»

ጋሽ ሸዋንግዛው አልሰማም። እሱም ቅጠሏን እያየ ነው። የፊቱ ቀለም ጠፍቷል። ነቢል በልቡ ‹በቃ አለቀልኝ፣ አወቀብኝ› አለ። ቅጠሏ የትርሲትን አንገት ዞራ ከኋላ ጠፋች። ሁለቱ ወንዶች አንድ ላይ ተነፈሱ። ከዚያ በሌላኛው ትከሻ በኩል ብቅ አለች፣ ከጀርባዋ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ።

ትርሲት አይናቸው የሚሄድበትን ተከትላ ደረቷን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቅጠል» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ቶሎ ብሎ።

«የምን ቅጠል?»

«የዛፍ።»

ሌላ ሳትጠይቀው መብራቷ ቀላች።

ወዲያው እንግዳው አፏጨ። ድስት ሲፈላ እንደሚያሰማው አይደለም፤ ቀጭን፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ውጭ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ጎረቤቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አንድ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፣ ማንም ዝም አላሰኘውም። ቱቦዎቹ ውስጥ ሰማያዊው ውሃ አረፋ አወጣ። ክፍሉ ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሞቀ።

ትርሲት ሰደርያዋን ነቀለች። «ሦስት ጊዜ ነው የሚያፏጨው። ሦስተኛው ላይ ከላይ ይዘጋል፣ መስመሩ በሙሉ።»

«አቁሚዋ!» አለ ነቢል፤ «አጥፊው፣ ታንኩን እናጽዳና መልሰሽ አብሪው!»

«ሥራ መሃል ላይ ነው፣ አይጠፋም።»

«ሰው እንኳን ሥራ መሃል ሽንት ይሄዳል!»

«እሱ አይሄድም» አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ዞረች። «ይዝጉት። ይሄን ቤት ብቻ። አርባውን ከምናጣ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ብረት ብረትን ሲነካ ድምፁ ተሰማ። ዳንቴሉ ስር ያለችው ትንሽዬ ቅርፅ ትንፋሿ ፈጠነ፤ ነቢል ብቻ ነው ያየው፣ ወይም ብቻውን ያየ መስሎት ነበር።

ነቢል የታንኩን ክዳን በካቻቢቴ አልፈታውም፣ ገነጠለው። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ክንድ እንጂ ትከሻ አያስገባም። እጁን ከተተ። ያ ትናንት ጫት ሲያንጠለጥል ጣቱን ያደነዘዘው ውሃ አሁን ሻይ ሆኗል። ጮኸ። እጁን አላወጣም። ፓምፑ አጠገብ ያለውን ወንፊት ነካ፣ ለስላሳ ነገር ጨበጠ፣ ሳበ።

እፍኝ ሙሉ ቅጠል ወለሉ ላይ ጠፍ አለ። የተቀቀለ ጫት ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ጫት ነው» አለች ትርሲት። ያየችው ነገር እንዳልገባት ሰው ቆመች። «ማሽን ውስጥ... ጫት?»

«የኔ ነው» አለ ነቢል፣ እጁን መልሶ እየከተተ። «የኔ ጫት ነው። አክስቴ አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። እኔን ክሰሱኝ። ብቻ አትዝጋው ጋሼ፣ እየወጣልኝ ነው!»

«አላልኩም?» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ድምፁ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ የሚያወጣው ድምፅ አልነበረም። «አላልኩም ይሄ ቅጠል...»

ሁለተኛው ፉጨት አቋረጠው። ቁልፉን ሩብ አዞረ። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲቀጥን ታየ።

ነቢል ደግሞ ሳበ። ደግሞ ቅጠል። የሱ ዙርባ እኮ አንዲት እፍኝ ናት፤ ያም ዋጋው ጨምሮ አምና ይገዛ ከነበረው ግማሹ ነው። ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ሦስተኛ እፍኝ፣ በአረንጓዴ ክር ታስሮ፤ አረንጓዴ ክር የሚጠቀመው ላይ ቤት ያለው ባጃጅ ነጂ ነው። አራተኛ፣ የላስቲክ ቁራጭ ያለበት። አምስተኛው ጫት አይደለም፣ የጡጦ ጫፍ ነው፤ የጎረቤታቸው የነ ፈርዶሳ ልጅ ወተት ሳይቀዘቅዝ አይጠጣም። ከአርባው ቤት የወረደው ሁሉ፣ ሰው ከእንግዳው ብርድ ቆርሶ የደበቀው ሁሉ፣ ተጉዞ ተጉዞ እዚህ ዝቅተኛው ታንክ ውስጥ አርፏል። ሰፈሩ በሙሉ የበርጫ ጫቱን የሚያቀዘቅዘው በአንድ ድስት ኖሯል!

«ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?» አለች ትርሲት። እርስዎዋ ጠፋች።

«አቦ ላም ነኝ እንዴ?»

ክንዱ እስከ ብብቱ ቀልቷል። ወንፊቱ ስር ግን አንድ ጠጣር ነገር አለ፣ አልነቃነቅ ያለ፣ ቡሽ ሆኖ የተወተፈ። ያዘው። ያንሸራትታል። ጥፍሩን ሰካበትና እግሩን ታንኩ ላይ ተክሎ ሳበ፤ አልመጣም። ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉ ላይ በሁለት እጁ ተንጠላጥሏል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አይታወቅም። ቁልፉን አጋመሰው። መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ለበሰ።

ነቢል ጣቱ አንዲት የታጠፈች ነገር አገኘ፣ እንደ ጆሮ የወጣች፣ ለመያዝ የምትመች። እሷን ይዞ ጎተተ።

ቧ አለ ውሃው። ፓምፑ ሰምጦ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ፣ አጓራ፣ ዞረ። አረፋው ቱቦዎቹን ይዞ ሽቅብ ሄደ። ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሁሉም ሦስተኛውን ፉጨት ጠበቁ።

አልመጣም።

መብራቷ ቢጫ ሆነች። ልጁ ውጭ ማልቀሱን ተወ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነች፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ ከዚያም ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው ነቢል በእጁ የያዘውን ያየው። ዙርባ ነው። እንደ ሕፃን ተጠቅልሏል። የተጠቀለለው በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነው፤ የፕላስተሩ ጫፍ ለመፍታት እንዲመች ታጥፎ ጆሮ ወጥቶለታል።

ነቢል ዙርባውን አየ። የቁልፉን እጀታ አየ። ትርሲትም እንደዚያው አየች፣ ዙርባውን፣ እጀታውን፣ መልሳ ዙርባውን።

«ጥርሴን ያመኛል» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው።

ትርሲት ጉንጩን አየች።

«ሌሊት ሌሊት ነው የሚያመኝ» አለ፤ «ዶክተሩ...» ብሎ ጀመረና የትኛው ዶክተር እንደሆነ ጠፋው። ቁልፉን ወደ ኋላ አዙሮ ሳራቺኔስካውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ከቀዳዳው አወጣው፣ በሱሪው ጠረገው፣ ነቢል አጠገብ ግድግዳ ላይ አስደገፈውና እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ያንን ብረት አልነካም።

ነቢል ሳቁ መጣበት። ክንዱ ግን ለበለበው፣ ሳቁን በላው።

ትርሲት ሰደርያዋን መልሳ ሰካችና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፣ ቅጠሉ መሃል። የእንግዳው ምንጣፍ ላይ ሰው ሲቀመጥ ነቢል ከአክስቱ በቀር አይቶ አያውቅም። ቱቦዋ ውስጥ ሦስቱ ቅጠሎች ገና ይዞራሉ።

«ለድርጅቱ አሸዋ እላለሁ» አለች መጨረሻ ላይ። «የደቻቱ አሸዋ ገባ እላለሁ። ቅጠል ካልኩ አርባውንም ቤት መዝጋት አለብኝ። አርባው ከተዘጋ ደግሞ እኔ ራሴ ይሄን ሰደርያ የምሞላበት ቤት የለኝም፤ እስከ ማታ አልቆይም።» ተነሳች። «ጫት ግን ከዛሬ በኋላ የለም።»

«የለም» አለ ነቢል።

«የለም» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ከነቢል በላይ ጮክ ብሎ።

ትርሲት ጎማዋን ጠቅልላ ወደ በሩ ሄደች። በሩን ከፈተች። የውጭው ሙቀት እንደ እንስሳ ትንፋሽ ገባ። መያዣውን እንደያዘች ዞረች።

«ዳንቴሉ ስር ያሉት ሴትዮም ይውጡ።»

«የምን ሴትዮ?» አለ ነቢል።

«እንግዳችሁ ነጠላ ጫማ ያደርጋል?»

ነቢል ወደ ታች አየ። ከነጩ ዳንቴል ስር ሁለት እግር ወጥቷል፣ አሮጌ የላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ አንደኛው አውራ ጣት ሂና ያለው።

«አትወጣም» አለ።

«ሕግ ነው። አሸዋውን ልዋሽልህ እችላለሁ፤ ሰው ግን አልችልም፣ ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል። እስካሁን ያልነገረባችሁ ቀስ በቀስ ሲታነቅ ስለከረመ ነው።»

«ከወጣች ትሞታለች። ነግረውናል። ዛሬ ብትወጣ ዛሬ ነው።» በሩ እንደተከፈተ ነው፣ ብርዱ በእግራቸው መሃል ወደ ደቻቱ ይፈሳል። ነቢል የተቃጠለ ክንዱን አንስቶ እንግዳውን ጠቆመ፣ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ፤ «እሺ እሱስ? አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። ሳሎናችንን ወሰደ፣ ዝም አልን። ምንጣፉን ወሰደ፣ ዝም አልን። ልጆቻችን እንኳን በእሱ ምክንያት አያለቅሱም! አሁን ንገሪኝ አንቺ። ይሄ ሰውዬ ቀንና ሌት ምን እያሰበ ነው ከሷ በላይ ብርድ የሚገባው?»

ጋሽ ሸዋንግዛውም ወደ ትርሲት ዞረ፤ ስንት ዓመት መስመሩን ሲጠብቅ እሱም አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«ሙቀት ነው» አለች።

«የምን ሙቀት?»

«ትንበያ። ነገ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን። ከነገ ወዲያ፣ የሚመጣው ወር፣ የሚመጣው ዓመት። አርባዎቹም ይሄንኑ ነው የሚያስቡት።»

እንግዳው ሁም ይላል። ሰማያዊው ውሃ ቱቦዎቹ ውስጥ ይመላለሳል። ሦስቱም ቆመው ያዩታል፣ ልክ አሁን አንድ ነገር ሊናገር እንደሆነ ሁሉ።

ዳንቴሉ ተንቀሳቀሰ። ከስሩ የአዴ ራህማ ድምፅ መጣ፣ ምንም ያልደከመው ድምፅ፦

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳውን ነገም ይሞቃል በይው። አሁን በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ወጣ!»